ከሾፌሩ በስተቀኝ ያለው ወንበር

ሞጆ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለያምሮት
ፍኖተ ሰላም

እንደምን ከርመሻል? እናትሽ እትዬ ቻይነሽስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ። የሞጆ አቧራ እንዳለ ነው፣ ሙቀቱም እንዳለ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ስልኩን ጆሮሽ ላይ መዝጋቴ ጥፋት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ይቅርታው ግን ስልኩን ለዘጋሁበት ብቻ ነው፤ ለተናገርኩት አይደለም።

ከዛሬ ጀምሮ ይህን ጉዳይ በስልክ አላነሣውም። በስልክ አንቺ አንድ ስትዪ እኔ አሥር እላለሁ፤ በኋላ ሁለታችንም እንቆጫለን። ሰይፈ አውቶቡሱን ይዞ በየሳምንቱ ከቡሬ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ደብዳቤሽን ከአዲስ አበባ ወደ ሞጆ ለሚመጣ ሰው ይሰጥልኛል፣ የእኔንም ለአንቺ ያደርሳል። ወረቀት ላይ ሲሆን ሰው ትንሽ ያስባል መሰለኝ።

ማን ነገረህ ላልሽው፣ የነገረኝ እሱ ራሱ ሰይፈ ነው። ቡሬ አጠገብ፣ የመንገድ ሥራ ድርጅቱ ጥሎት በሄደው ሜዳ ላይ የእኔን ኮሮላ አየኋት አለኝ። በሯ ላይ በነጭ ፕላስተር ሰባት ቁጥር ተለጥፎባት፣ በአሮጌ ጎማዎች መካከል ስትዞር። መሪውን የያዝሽው አንቺ፣ ከአንቺ በስተቀኝ ስመኘው የሚባል ሰው። እየሳቃችሁ ነበር አለኝ። ሰይፈ ሳቁን ባይጨምርበት ምን ነበረበት?

እኔ ያቺን መኪና ባትሪዋ እንዳይሞት ግቢ ውስጥ አስነሺያት አልኩሽ እንጂ ቡሬ ድረስ ነድተሽ ከማላውቀው ሰው ጋር ዙሪባት አላልኩም። ለመሆኑ ይህ ሰውዬ የት ነው የሚቀመጠው? ሌላ ወንበር የለም ወይ? እጁንስ የት ያደርጋል? ሚስት አለው? እነዚህን ሳትመልሺ ሌላ ወሬ እንዳትጽፊልኝ።

ተሳቢው እንዴት ነው ላልሽው ደህና ነው። መኪና ነው፣ ምን ይሆናል።

ለጥምቀት እመጣለሁ ብዬሽ ነበር። ያንን ሜዳ ዳግመኛ ከረገጥሽ ግን ለጥምቀትም ሆነ ለሌላ በዓል አትጠብቂኝ። ይህን ስጽፍ አልሰከርኩም፣ አልቸኮልኩም።

ባለቤትሽ አለበል


ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአቶ አለበል
ሞጆ

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስናደድ አንቱ እንደምልዎ ያውቃሉ፤ እስከ ሁለተኛው ገጽ ድረስ ሳይወጣልኝ አይቀርም። እናቴ ጉልበቷ ተሽሏታል፣ ሰላም በይልኝ ብላለች። የጻፉትን ግን አላነበብኩላትም፤ ባነብላት ኖሮ ሰላምታው ይቀርብዎት ነበር።

ለጥያቄዎ መልስ። ስመኘው የሚቀመጠው ከእኔ በስተቀኝ ነው። ከኋላ ሆኖ ኩርባው አይታየውም። አንድ እጁን በሩ ላይ፣ ሌላውን የእጅ ፍሬኑ አጠገብ ያደርጋል። የመጀመሪያው ቀን ግን ሁለቱንም እጁን በሩ ላይ ነበር ያደረገው፤ ፈርቶኝ። ሚስቱ ሞታበታለች፣ ልጅ የለውም። የሳቅነው እኔ በሦስተኛ ማርሽ ልነሣ ስሞክር ነው። ሌላስ? ሸሚዙ ሰማያዊ ነበር፤ ሰይፈ እሱን ረስቶት ይሆናል።

አሁን ደግሞ እኔ ልንገርዎ። በሰኔ እናቴን ያመማት ዕለት ኮሮላዎ ግቢያችን ቆማ፣ ቁልፏ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እኔ መንገድ ዳር ባጃጅ እለምን ነበር። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ፎቶዬ ያምርበታል፤ ሌላ ጥቅም አልሰጠኝም። አንድ አይሱዙ ከኋላ ጥሩምባ ከነፋብኝ እጄ ይታሰራል። የእንስሳት ክሊኒኩ ባልደረቦቼም ያውቁኛል፤ ላም ሲያምጣት የማልፈራ ሴትዮ መሪ ስይዝ አለቅሳለሁ።

እና በነሐሴ ማለቂያ ስለ ቀለበቱ ሰማሁ። ሰዎቹ ናቸው ቀለበቱ የሚሉት። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ መኪና ያለው ሰው ይሰበሰባል። የደምበጫዋ ፋርማሲስት ቤቴል በቪትዝ ትመጣለች፣ አንድ የፊዚክስ መምህር አለ፣ አንድ የበርበሬ ነጋዴ በሃይሉክስ። አሮጌ ጎማ እየደረደርን ኩርባ እንሠራለን። እሽቅድምድም አይደለም። በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ፣ በሩ ላይ በተለጠፈው ተራ ቁጥር ይገባል፣ ሌላው ቆሞ ያያል፣ ሲወጣ ስህተቱን ይነግረዋል። ስመኘው ሃያ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው፣ አሁን ያሠለጥናል።

መጀመሪያ ያስተማረኝ መቀመጥን ነው። ወንበሩን ሳብ፣ ጀርባን ልጥፍ፣ እጅ ግራና ቀኝ እኩል። ከዚያ ፍሬን። ኩርባው ሳይደርስ ያዢ፣ ኩርባው ውስጥ ልቀቂ። ውስጡ ከያዝሽ መኪናዋ በአፍንጫዋ ታጎነብሳለች፣ ኋላዋ ይቀላል፣ ትከዳሻለች ይላል። ደግሞ እኔ ጎማ መግጨት አበዛሁ። ሦስት ጊዜ አንዱኑ ጎማ መታሁት። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? እሱኑ ስለማይ ነው። የፈራሽውን ከምታዪ መውጫውን እዪ፤ እጅሽ ዓይንሽን ይከተላል አለኝ ስመኘው። አየሁ፤ ተከተለ። አለበል ሙት፣ ያን ቀን ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ብቻዬን ነድቼ ስገባ መንገዱ የአባቴ ግቢ መሰለኝ።

አየህ፣ አንተ ማለት ጀመርኩ። ወጣልኝ።

አንድ ነገር ግን አልመለስክልኝም። በሰይፈ አውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ከፋሲካ ጀምሮ ለምን አልመጣህም?

ያምሮት


ሞጆ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለያምሮት

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። የስመኘው ስም ሦስት ጊዜ ተጽፏል። የእኔ ሁለት ጊዜ፤ አንዱ አድራሻው ላይ፣ ሌላው መሐላ ላይ። በእኔ እየማልሽ እሱን ታወሪያለሽ።

«ኩርባው ሳይደርስ ፍሬን ያዢ» አዲስ ነገር ሆኖ ነው? በተጋባን ዓመት የደምበጫን መንገድ ስንሄድ የነገርኩሽ እኔ አይደለሁም? አዎ አልሽ፣ ከዚያ መስኮቱን ከፍተሽ ሸንኮራ ገዛሽ። እኔ ስናገር የሾፌር ወሬ፣ እሱ ሲናገር ትምህርት። ወንበር ሳብ ማድረግንም እሱ ነው የፈጠረው በይኝ! አሥራ አምስት ዓመት መሪ ይዤ ስኖር ወንበሬን የማስተካክለው በምን ይመስልሻል?

አልዋሽሽም፣ ቅናት ነው። በቀን ብዙ ሰው መሪ ይዞ ሲያልፍ አያለሁ፤ ሁሉም ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ ይመስለኛል። ምሳ ስበላ ትዝ የምትለኝ አንቺ አይደለሽም፤ በሩ ላይ ያለው እጁ ነው። ያ እጅ ዛሬ በሩ ላይ ነው፣ ነገስ? የእጅ ፍሬኑ ከጉልበትሽ ምን ያህል እንደሚርቅ እኔ አውቀዋለሁ፤ መኪናዋ የእኔ ናት።

ስለዚህ ሦስት ቀን አስቤ አንድ መላ አግኝቻለሁ። አንቺም አትቀሪም፣ እኔም እንቅልፍ አገኛለሁ። ስመኘውን የጡት አባትሽ አድርጊው።

አትሳቂ። አባትሽ ካረፉ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቦታው ክፍት ነው። እናትሽና ቄስ ወልደ ሥላሴ ባሉበት አውራ ጣቱን ማር ይቀባ፣ አንቺ ማሩን ትልሺዋለሽ፣ እሱ አባትሽ ነኝ ብሎ ይምላል። አለቀ። በእኛ አገር የጡት አባት ማለት አባት ነው። ልጁን በሌላ ዓይን ያየ እንደሆነ ከሰው ጋር ውኃ አይጠጣም። እሺ ካለ ንጹሕ ሰው ነው፣ ከፈለገ በየቀኑ በስተቀኝሽ ይቀመጥ። እምቢ ካለ ደግሞ ያወቅነውን አወቅን ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ቁልፏን ለእናትሽ ስጪያት።

እስከዚያ ግን ሜዳውን አትርገጪ።

ለምን አልመጣህም ላልሽው ሥራ አለቀቀኝም። ጭነት በጭነት ላይ ነው።

አለበል


ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለአለበል

እንኳን ለሚካኤል በሰላም አደረሰህ። ያዘዝከው ተፈጽሟል።

መጀመሪያ ለእናቴ ስነግራት ብዙ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና «ይህን ያሰበው ባልሽ ነው?» አለች። አዎ ስላት «ጎበዝ ነው፤ የሚያስከትለውን ግን ያሰበበት አይመስለኝም» ብላ ማሩን ከጓዳ አወጣች። ምን ማለቷ እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ስመኘው ጥያቄውን ሲሰማ እሱም ሳቀ። «እኔ አርባ ዓመቴ ነው፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ልወልድ?» አለ። የነገርኩት ሜዳው ዳር ቆመን ነው፤ ወደ ውስጥ አልገባሁም፣ ቃልህን ጠብቄያለሁ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። «ባልሽ ይህን ያህል ከተጨነቀ ይሁን። እኔም ሰው የለኝም» አለ።

በሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን መጣ። ቄስ ወልደ ሥላሴ እንደ ጨዋታ የጀመሩት መስሏቸው ነበር፤ ጸሎቱን ሲጀምሩ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። አውራ ጣቱን ማር ቀባ። የመሪ ቆዳ ያደነደነው ጣት ነው፤ ከማሩ ሥር የናፍጣ ሽታ ነበረው። ሦስት ጊዜ ላስኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ደስታሽ ደስታዬ፣ ደጅሽ ደጄ፣ ጠላትሽ ጠላቴ ነው» ብሎ ማለ። ከዚያ እናቴ ፊት ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ስመኘው አልላቸውም። አባቴ ናቸው። አንተም ብትሆን አንተ ልትላቸው አትችልም፤ አማትህ ናቸው። በሁለት ዓመት እንደምትበልጣቸው አውቃለሁ፣ ምን ላድርግህ?

አባቴም በማግስቱ አስጠርተውኝ ነበር። ልጃቸው የተዳረችበትን ቤት ሳያውቁ አባት ነኝ ማለት ደስ እንደማይላቸው ነገሩኝ። እንዲህ ብለሽ ጠይቂልኝ አሉ። ባልሽ የሚነዳው ምን ዓይነት መኪና ነው? በመጨረሻ የዓባይን በረሃ የወረደው መቼ ነው? ከፋሲካ ጀምሮ ልጄን ያላያት ለምንድን ነው? ለእኔ አልነገረኝም አልኳቸው። እሳቸውም ለጎማ ግዢ አዲስ አበባ እንደሚወርዱ፣ ሞጆም ከዚያ እንደማይርቅ ነገሩኝ። አትሂዱ ልላቸው አልችልም፣ አባት ናቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ቀለበቱ እገባለሁ። ፈቃድህን በጽሑፍ ይዣለሁ።

ያንተው ያምሮት


ሞጆ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለያምሮት

እናትሽ እውነታቸውን ነው። የሚያስከትለውን አላሰብኩም። ሰውየውን ከመኪናዬ ላርቅ ብዬ ቤቴ አስገባሁት። አባት ላድርገው ስል አማት ሆኖብኝ አረፈው። ሆኑብኝ ልበል እንጂ፣ ልማድ ያደርገዋል።

ኅዳር 26 ቀን መጡ። ስልክ አልደወሉም፣ ደብዳቤሽም የደረሰኝ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። ድርጅቱ በር ላይ «አለበል የሚባል የተሳቢ ሾፌር» ብለው ጠይቀዋል። ዘበኛው ሾፌር አለበል የለም፣ የግቢው አለበል ነው ያለው ብሎ አስገባቸው። እኔ በዚያን ጊዜ መሐል ግቢ ቆሜ፣ አንድ ሕፃን የመሰለ ሾፌር ተሳቢውን ወደ ኋላ እንዲያስገባ በእጄ እየጠቆምኩት ነበር። ና፣ ና፣ ቁረጥ፣ መልስ፣ በቃ። ቀና ስል ሰማያዊ ሸሚዝ አየሁ፤ «የያምሮት የጡት አባት ነኝ» አሉኝ። አማት ሲመጣ ሰው ሮጦ ጉልበት ይስማል። እኔ ፊሽካው አፌ ውስጥ ነበር።

አሁን እንግዲህ ሳይነግሩሽ አይቀሩም፤ ከእኔ ስሚው።

ከሚያዝያ ወዲህ መኪና አልነዳሁም። የስቅለት ዋዜማ ማዳበሪያ ጭኜ ወደ ቡሬ እመጣ ነበር። በዓሉን ካንቺ ጋር ልውል፣ በግ ልገዛ፣ ቸኮልኩ። ከጎሐ ጽዮን በሁለተኛ ማርሽ መውረድ ሲገባኝ በአራተኛ ወረድኩ። ኩርባ ውስጥ ፍሬን እየያዝኩ ያምሮት፣ ኩርባ ውስጥ! በጥቅምት ደብዳቤዬ እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ ብዬ የፎከርኩበትን ነገር። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፔዳሉ ባዶ ሆነ። መኪናውን ተራራው ላይ ደገፍኩት፣ ተሳቢው ተገለበጠ። ማዳበሪያው አስፋልቱን ሞላው። ሰው አልሞተም። እኔን ግንባሬን ጫር አደረገኝ፣ ሌላ ምንም የለም። የተሳቢው ጎማ ከገደሉ አፍ ክንድ ያህል ነበር የቀረው፤ ወርጄ በክንዴ ለካሁት። ባልለካው ይሻለኝ ነበር።

ድርጅቱ ሌላ መኪና ሰጠኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ። እጄ በላብ ተጠመቀ፣ ቁልፉን ማዞር አቃተኝ። ሦስት ቀን ሞከርኩ፣ በአራተኛው ቀን ግቢ ውስጥ ሥራ ስጡኝ አልኩ። ቤቴም ያልመጣሁት ለዚሁ ነው። ወደ አንቺ የሚያመጣው መንገድ እሱው ነው፤ ተሳፋሪ ሆኜም አልቻልኩትም።

አባትሽ ይህን ሁሉ አልጠየቁኝም። ሻይ አዘዙ፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመሩ፣ ካማሰሉ በኋላ «የቱ ኩርባ ነው?» አሉኝ። ሦስተኛው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲሄዱ ቆሜ ሸኘኋቸው፣ ጉልበታቸውንም ሳምኩ። በሁለት ዓመት እበልጣቸዋለሁ፣ ግን ሳምኩ።

በእሳቸው ቀንቼ ነበር፣ አልክድም፤ ዛሬም ያቺን ወንበር ሳስባት ይቆጠቁጠኛል። ከዚያ የሚብሰውን ግን ልንገርሽ። የቀናሁት በአንቺ ነው። «መንገዱ የአባቴ ግቢ መሰለኝ» ብለሽ የጻፍሽውን ዓረፍተ ነገር በቅናት ቀድጄዋለሁ። ከዚያ በፕላስተር መልሼ ለጠፍኩት። እኔ መንገዱ የአባቴ ግቢ የነበረ ሰው ነኝ። ጥሩምባ ሲነፉባት ታለቅስ የነበረችው ሚስቴ መሪ ይዛ ስትስቅ፣ እኔ ፊሽካ ይዤ ስለቅስ። ይህ ለማን ይነገራል?

ለጥምቀት አትጠብቂኝ ያልኩሽ በቁጣ አልነበረም። ምክንያት ነበር የፈለግሁት።

አለበል


ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአለበሌ

ደብዳቤህን ክሊኒኩ ጓሮ፣ አንድ በሽተኛ በሬ ፊት ቆሜ አነበብኩት። በሬው እየመጣ ጨርቄን ይልሰኝ ነበር።

አሁን ይቅርታ መጠየቅ የእኔ ተራ ነው። አውቄ ነበር። በሐምሌ በሰይፈ አውቶቡስ ተሳፍረህ ጎሐ ጽዮን ላይ «ውኃ ልግዛ» ብለህ ወርደህ አልተመለስክም። ሰይፈ ግማሽ ሰዓት ጠበቀህ። ሻንጣህን ወደ አዲስ አበባ መልሶ እንደሰጠህ አታስታውስም? ለእኔ የነገረኝ በነሐሴ ነው። ስለ አደጋውም ያኔ ነገረኝ። እናቴ በሰኔ መታመሟ እውነት ነው፣ ባጃጅ መለመኔም እውነት ነው። ቀለበቱን የፈለግሁት ግን ስለ አንተ ከሰማሁ በኋላ ነው፤ በነሐሴ መሆኑን ጽፌልህ ነበር፤ በቅናት ተይዘህ አላየኸውም እንጂ ቀኑ እዚያው አለ።

ለምን ዝም አልሽ ብትለኝ፣ አንተ እስክትነግረኝ ጠበቅሁ። በየደብዳቤው ጠየቅሁህ። «ተሳቢው ደህና ነው» ስትለኝ ወረቀቱን ወርውሬ ከግድግዳ ጋር አላትሜዋለሁ። ስለ ቅናት ካወራን እኔም አለኝ። ያቺ ተሳቢ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጣውንቴ ነበረች። ፋሲካን ከእሷ ጋር፣ መስቀልን ከእሷ ጋር። ጎማዋ ሲፈነዳ ለሦስት ቀን ትታገሣታለህ፤ እኔ ወጥ ሲያርብኝ ስልክ ትዘጋለህ። አንድ ቀን ብትገለበጥ ብዬ ተመኝቼ ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሰይፈ የነገረኝ ቀን እኔ የተመኘሁት የደረሰብህ መሰለኝ። እሱን ነው የደበቅሁህ።

አሁን ስማኝ። አባቴ እኔ ሄጄ ላምጣው ብለው ነበር፤ አይሆንም አልኳቸው። ጥር 9 ቀን አንተ በአዲስ አበባ በኩል ጎሐ ጽዮን ድረስ ና። እስከዚያ በረሃ የለም። እኔ ከፍኖተ ሰላም በኮሮላዋ እመጣለሁ። አባቴ ደጀን ድረስ አብረውኝ ይሆናሉ፣ እዚያ ወርደው ይጠብቁናል። ከደጀን ወደ ወንዙ ብቻዬን እወርዳለሁ፣ ወደ አንተ እወጣለሁ። ከደጀን በኋላ በስተቀኜ ያለው ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም፣ ቦርሳዬን እንኳ ከኋላ አደርጋለሁ።

ስንመለስ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ዓይንህን ብትጨፍን አላይብህም። እኔ የማየው መውጫውን ነው።

ሹራብህን እንዳትረሳ፤ ፍኖተ ሰላም ጠዋት ጠዋት ይበርዳል።

ያንተው ያምሮት


ጎሐ ጽዮን፣ ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለያምሮት

ይህን ሰይፈ አያመጣልሽም፤ በእጄ እሰጥሻለሁ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ በረሃው አፍ ላይ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጫለሁ። ሦስት ሻይ ጠጥቻለሁ። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና መንገድ ዳር ጠብቄያለሁ፤ ሁለተኛው ቆሞልኝ ነበር። ሻንጣዬን ሻይ ቤት ረስቼዋለሁ ብዬ ተመለስኩ። አልረሳሁትም ነበር።

እዚህ ሆኜ መንገዱ ይታየኛል። አንድ ከባድ መኪና እያቃሰተ ወጣ። ቀጥሎ አውቶቡስ። ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ ማንም የለም። ደጀን ላይ ፈርታ ቀርታ ይሆናል አልኩ። አፍሬ ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ሁለታችንም የምንፈራ ከሆንን ብቻዬን አይደለሁም ብዬ ነው። ከዚያ ደግሞ ወንዙ ጋ አንድ ነገር ሆና ቢሆንስ ብዬ ሻዩን ደፋሁት።

አሁን የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ከሺህ መኪና ድምፅ መሐል ያቺን ኮሮላ አውቃታለሁ፤ ስትወጣ እንደ ጉንፋን ያደርጋታል። ከታች ሁለተኛ ማርሽ አስገባሽ። ኩርባው ሳይደርስ ነው ያስገባሽው፤ ከዚህ ሆኜ ሰማሁት። አልቸኮልሽም። ከፊትሽ ድንጋይ አለ፤ እሱን አላየሽም፣ አልፈሽው ወጣሽ።

እኔ እንደዚህ ንጹሕ አድርጌ ሦስተኛውን ኩርባ ወጥቼ አላውቅም። አሥራ አምስት ዓመት። ቀናሁ፣ ደግሞ እንባዬ መጣ። ባለ ሻይ ቤቷ «ማን እየመጣ ነው?» ብትለኝ ሾፌሬ አልኳት።

መጣሽ፣ ይኸው መስታወቱ ታየኝ። በበሩ ላይ ያለውን ሰባት ቁጥር አላነሣሽውም። ከሾፌሩ በስተቀኝ ያለው ወንበር ባዶ ነው። በጋብቻችን ዘመን አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬበት አላውቅም፤ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ግን ሦስት ወር እንቅልፍ አጣሁ።

መጻፌን አቁሜያለሁ። በሩን ከውስጥ ክፈችልኝ፤ እጄ አልቦታል።

አለበል